ከጥያቄ በፊት ሙጣለዓ

“መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ” ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነት ነው፤ ዲናችንም ይደግፈዋል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ነሕል 43ኛ አንቀጽ የማናውቀውን ነገር የዕውቀት ባለቤቶችን እንድንጠይቅ አዞናል። የአንሷር ሴቶች ሐያእ ዲናቸውን ከመማር እንዳላገዳቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አወድሰዋቸዋል። እንግዲህ መጠየቅ ውርደት አይደለም፤ ሳይጠይቁ መቅረትም ጨዋነት አይደለም።

ዛሬ ጠያቂ አልጠፋም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኢማሙን ከብቦ የሚጠይቀው ብዙ ነው። በረመዷን የኡስታዞች ስልክ ዕረፍት የለውም። በለቅሶ ቤት፣ በኒካሕ ላይ፣ በመንገድ ዳር ሳይቀር ይጠየቃል። ይህ ኸይር ነገር ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ከጥያቄዎቹ ውስጥ ምን ያህሎቹ ታስቦባቸው፣ ተጣርተው የመጡ ናቸው? ጠያቂው ወደ ዓሊሙ ከመሄዱ በፊት የገዛ ራሱን ጉዳይ ምን ያህል አይቶታል? በዚህ ጽሑፍ ልንወቅሰው የተነሣነው መጠየቅን ሳይሆን ሳያዩና ሳያጣሩ መጠየቅን ነው።

ከላይ የጠቀስነው የአንቀጹ ትእዛዝ ሸርጥ አለው። ትእዛዙ የታሰረው ባለማወቅ ላይ ነው። የማያውቀው ነገር ምን እንደሆነ ያልለየ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይጠይቃል? ቢጠይቅስ መልሱ የእርሱን ጉዳይ የሚመለከት መሆኑን በምን ያውቃል? ስለዚህ ከጥያቄ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ይህ ሥራ በቂርአት ቤቶቻችን ውስጥ ስም ያለውና ለዘመናት የኖረ ነው፤ ሙጣለዓ ይባላል።

ሙጣለዓ ምንድን ነው?

በቂርአት ቤት ያለፈ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። ላላለፉት ውድ አንባቢያን ስንገልጸው፣ ደረሳው ከሸኹ ፊት ከመቀመጡ አስቀድሞ የሚማረውን ክፍል በራሱ ማየቱ ነው። ሰፊናም ይሁን ሚንሃጅ፣ ቁዱሪም ይሁን ሌላ፣ ኪታቡን ገልጦ ዒባራውን ያነባል። ሐረካውን ይሞክራል። ያልገባውን ቃል ለይቶ ያስቀምጣል። ካለፈው ባብ ጋር ያስተያያል። አብሮት ከሚቀራው ጓደኛው ጋር ይመካከራል። ከዚያ በኋላም ያልተፈታለት ነገር ይተርፋል፤ ወደ ሸኹ የሚቀርበውም ያንን የተረፈውን ይዞ ነው።

ሙጣለዓ ያደረገ ደረሳና ያላደረገ ደረሳ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ይለያሉ። ያላደረገው “ሸኻችን፣ ይህ ቦታ ምንድን ነው የሚለው?” ይላል። ያደረገው ግን “ሸኻችን፣ እዚህ ያለው ዶሚር የሚመለሰው ወደ ሻጩ ነው ወይስ ወደ ገዢው?” ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ገጹን በሙሉ በሸኹ ላይ ጫነው። ሁለተኛው አንዲት ቃል ጠየቀ፤ በዚያች ቃል ግን ገጹ በሙሉ ተከፈተለት። ዕውቀቱም አብሮት ይቆያል፤ ደክሞ የፈለገው ነገር ነውና። የመጀመሪያው ግን ሳይለፋ ያገኘውን በማግሥቱ መልሶ ይጠይቃል።

በሐዲሠ ጂብሪል ውስጥ ለዚህ የሚሆን ትልቅ ትምህርት አለን። ሙስሊም ከዑመር (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ጂብሪል (ዐ.ሰ.) በሰው አምሳል መጥቶ ስለ ኢስላም፣ ስለ ኢማን፣ ስለ ኢሕሳን፣ ከዚያም ስለ ቂያማ ጠየቀ። የመለሱት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ሆኖም ከሄደ በኋላ ለሰሓቦቹ የነገሯቸው የመጣው ሰው ጂብሪል እንደሆነና የመጣውም ዲናቸውን ሊያስተምራቸው መሆኑን ነው። የጠየቀው ክፍል አስተማሪ ተባለ! ጥያቄዎቹ ተርቲብ ነበራቸው፤ እያንዳንዱም በቦታው የተቀመጠ ነበር። ጥያቄው በደንብ ሲዘጋጅ ለጠያቂውም፣ ለተጠያቂውም፣ ለሚያዳምጠውም ትምህርት ይሆናል።

የሚያሳዝነው ይህን ልማድ በቂርአት ቤት ደጃፍ ትተነው መውጣታችን ነው። በኪታብ ላይ ሙጣለዓ የሚያደርገው ሰው በቤቱ፣ በገንዘቡና በዘመዶቹ ጉዳይ ሲጠይቅ ሙጣለዓውን ይረሳዋል። ኪታብ ያልቀራው ደግሞ ነገሩ የደረሳ ብቻ ይመስለዋል። የኪታብ ዒባራ ቢያመልጠን ነገ ይታረማል። የሰው ሐቅ ሲያመልጠን ግን ማረሙ ይከብዳል።

ግማሽ ጥያቄ የሚያመጣው ጉዳት

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ወደ ሸኽ ይመጣና “ሸኻችን፣ ወንድሜ ወደ አኼራ ሄዷል። ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። እኔም ወንድሙ አለሁ። የተወው 240 ሺህ ብር ነው። እንዴት እንከፋፈል?” ይላል እንበል። ሸኹም በተነገራቸው መሠረት ያሰላሉ። ሟቹ ልጅ ስላለው ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ይኸውም 30 ሺህ ብር። ለሁለቱ ሴት ልጆች ሁለት ሦስተኛ፣ ይኸውም 160 ሺህ ብር። የቀረው 50 ሺህ ብር ለወንድም። ስሌቱ ትክክል ነው፤ በፈራኢድ ዕውቀት ስሕተት አይገኝበትም።

ግን ሟቹ እናት ነበሩት። አሮጊቷ እናት ገጠር ካለው ከዚሁ ጠያቂ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ልጃቸው ያልጠቀሳቸው በተንኮል ላይሆን ይችላል። “እናቴማ ከእኔ ጋር ናት፤ የእኔ የእርሷ አይደል ወይ?” ብሎ አስቦ ይሆናል። ውርስ ሲባልም ሚስትና ልጅ ብቻ ትዝ ብሎት ይሆናል። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ 11ኛ አንቀጽ ልጅ ላለው ሟች እናት አንድ ስድስተኛ መድቦላታል። እናትየዋ ሲቆጠሩ ለእርሳቸው 40 ሺህ ብር ይደርሳቸዋል፤ ለወንድም የሚተርፈው 10 ሺህ ብር ብቻ ነው። የሚስትና የልጆቹ ድርሻ አልተነካም። የተነካው የአሮጊቷ ድርሻ ነው፤ 40 ሺውም የገባው በጠያቂው ኪስ ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። በዚያው አንቀጽና በቀጣዩ እንደተደነገገው ውርስ የሚከፈለው ዕዳና ኑዛዜ ከወጣ በኋላ ነው። ሟቹ ለሚስቱ ያልከፈለው መህር ካለ እርሱም ዕዳ ነው። የቀረ መህሯና ሌላው ዕዳ ተደምሮ 48 ሺህ ብር ቢሆን የሚከፋፈለው 240 ሺህ ሳይሆን 192 ሺህ ብር ነው። ያኔ ሚስት 24 ሺህ፣ ልጆች 128 ሺህ፣ እናት 32 ሺህ፣ ወንድም 8 ሺህ ብር ይሆናል። ከዚህም በፊት ያ ሁሉ ገንዘብ የሟቹ ብቻ ነበርን? ወይስ ሚስትየዋ በንግዱ ውስጥ ያስገባችው የራሷ ገንዘብ አለበት?

“ወንድም” የሚለው ያማርኛ ቃል ራሱ ማጣራት ይፈልጋል። በፈራኢድ የአባትና የእናት ወንድም፣ የአባት ብቻ ወንድምና የእናት ብቻ ወንድም የተለያዩ ወራሾች ናቸው። የእናት ብቻ ወንድም የሟቹ ልጅ ባለበት፣ ልጁ ሴትም ብትሆን፣ አንዳች አይወርስም። እኛ ግን ሦስቱንም “ወንድም” እንላቸዋለን። የአጎት ልጅንም፣ አብሮ ያደገ ጎረቤትንም ወንድም ስንል እንውላለን። ለፍቅር መልካም ነው፤ ለውርስ ጥያቄ ግን አይበቃም።

እንግዲህ 50 ሺህ የነበረው የወንድም ድርሻ 10 ሺህ፣ ከዚያም 8 ሺህ ሆነ፤ ምናልባትም ባዶ። ሸኹ ግን አልተሳሳቱም፤ በተነገራቸው ላይ መለሱ። ሙፍቲ ምስክር አይጠራም፤ ሌላውን ወገን አስቀርቦ አይሰማም። ያ የቃዲ ሥራ ነው። በ684 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የማሊኪው ዓሊም ኢማም አልቀራፊ በፈትዋና በፍርድ መካከል ያለውን ልዩነት ለብቻው መጽሐፍ አድርገው የጻፉበት ምክንያት አለ። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሲኖሩ፣ ሰው የፍርድ ቤቱን ሥራ ከአንድ የመንገድ ላይ ጥያቄ መጠበቅ የለበትም።

“ሸኹ ፈቅደውልኛል” ማለትስ ያድናልን? ቡኻሪና ሙስሊም ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲሥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እርሳቸው ሰው መሆናቸውን፣ ከተሟጋቾች አንዱ ከሌላው ይልቅ ማስረጃውን አሳምሮ ሊያቀርብ እንደሚችል፣ እርሳቸውም በሰሙት እንደሚፈርዱ፣ በዚህ መንገድ የወንድሙ ሐቅ የተፈረደለት ሰው የወሰደው ከእሳት የተቆረጠ ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ፍርድ የሌላውን ሐቅ ሐላል ካላደረገ፣ በግማሽ ጥያቄ የተገኘ የሸኽ መልስ እንዴት ሐላል ሊያደርገው ይችላል?

ጠያቂው ራሱ የሚያጣራው

“እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ምን አጣራለሁ?” የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው። ሑክሙን ማጣራት የዓሊሙ ድርሻ ነው፤ የሆነውን ነገር ማጣራት ግን የባለጉዳዩ ድርሻ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናት በቤታቸው ስንት ግራም ወርቅ እንዳለ ከማንኛውም ዓሊም የበለጠ ያውቃሉ፤ ባያውቁም ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስደው ማስመዘን ይችላሉ።

የወርቅን ነገር ካነሣን እንቀጥልበት። “ወርቅ አለኝ፤ ዘካ አለብኝ?” የሚለው ጥያቄ በየረመዷኑ ይመጣል። ኒሷቡ 20 ሚሥቃል፣ ባሁኑ ሚዛን 85 ግራም ገደማ ነው። የሚወጣውም 2.5 ከመቶ ነው። ይህንን ያወቀ ሰው ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል፤ ግን ገና ነው። ወርቁ ስንት ካራት ነው? ለጌጥ የሚደረግ ነው ወይስ የተቀመጠ ጥሪት? የጨረቃ ዓመት ሞልቶታል?

እያንዳንዱ መልሱን ይለውጠዋል። ባለ 21 ካራቱ 100 ግራም ወርቅ በውስጡ 87.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው። ባለ 18 ካራቱ 100 ግራም ግን 75 ግራም ብቻ ነው ያለው። በሻፊዒዮች ዘንድ የሚቆጠረው ንጹሑ ወርቅ ነው፤ ለተፈቀደ ጌጥነት በምትለብሰው ላይ ደግሞ ዘካ የለም ይላሉ። በሐነፊዮች ዘንድ በጌጡም ላይ ዘካ አለ፤ ቅይጡ ውስጥ ወርቁ ካመዘነም ሁሉም እንደ ወርቅ ይቆጠራል። አገራችን ሁለቱም መዝሀቦች የሚቀሩባት አገር ናት። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ሐብል ይዘው ሁለት የተለያየ መልስ ቢሰሙ “ዑለሞቹ ተምታቱ” አይባልም። ግራሙን፣ ካራቱንና የአጠቃቀሟን ሁኔታ ይዛ የመጣች እህት መልሷን በአንድ አፍታ ታገኛለች፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣም ይገባታል።

ጾምም እንዲሁ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው “መጾም እችላለሁ?” ብሎ ወደ ኡስታዝ ይመጣል። ኡስታዙ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ “ሐኪምህ ምን አለህ?” የሚል ነው። መድኃኒቱ በቀን ስንቴ ነው? ኢንሱሊን ትወጋለህ? ባለፈው ረመዷን ምን ገጠመህ? ለሕመምተኛ ማፍጠር የተፈቀደ መሆኑ በሱረቱል በቀራ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ተደንግጓል። ጾሙ ይህን ሰው ይጎዳዋል አይጎዳውም የሚለውን የሚያውቀው ግን ሐኪሙ ነው። ሐኪሙን ሳይጠይቅ ኡስታዙን የጠየቀ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

በቤታችን ያሉትን መጻሕፍትም አንርሳ። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ በ1961 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ አያሌ የዲን መጻሕፍት በቋንቋችን ወጥተዋል። ከብዙ ቤቶች መደርደሪያ ላይም ይገኛሉ። አቧራቸው ሳይራገፍ ለውዱእ ፈርዶች ስልክ መደወል ምን ይባላል? የውዱእ ፈርዶችን ከመጽሐፍ ማየት ይቻላል። ካዩ በኋላ “እጄ ላይ ጄሶ ታስሯል፤ እንዴት ላድርግ?” ብሎ መጠየቅ ደግሞ ይገባል። መጽሐፉ ስለ ሰው ሁሉ ይናገራል፤ የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ ከመጽሐፉ ጋር የሚያገናኘው ዓሊሙ ነው።

ቀደምቶቹ ምን ብለው ነበር?

ይህ አዲስ ወቀሳ አይደለም። በ643 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1245) ያረፉት ኢብኑ ሶላሕ ስለ ሙፍቲና ስለ ሙስተፍቲ አደብ መጽሐፍ ጽፈዋል። በ676 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1277) ያረፉት ኢማም ነወዊም በአልመጅሙዕ መቅድም ውስጥ ከእርሳቸውና ከሌሎች ያሰባሰቡትን አስፍረዋል። ብዙ ሰው አደብ ሲባል ሙፍቲውን የሚመለከት ብቻ ይመስለዋል። ሁለቱ ኢማሞች ግን ለጠያቂው የተለየ ክፍል ሰጥተውታል።

ከዚያ ክፍል የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ ጠያቂው ሰው የሚጠይቀውን ሰው ማንነት የማጣራት ግዴታ እንዳለበት ነው። ቀሚስ የለበሰ ወይም ድምፁ ያማረ ሁሉ ሙፍቲ አይደለም። ማን ዘንድ ተማረ? የዕውቀት ሰዎች ይመሰክሩለታል ወይ? ይህን ሳያጣራ የጠየቀ ሰው “ጠይቄያለሁ” ብሎ ኃላፊነቱን ሊጥል አይችልም።

ሁለተኛው፣ ጥያቄው በጽሑፍ ሲቀርብ በሚገባ የሚጽፍ ሰው እንዲጽፈውና ጉዳዩ ግልጽ ሆኖ እንዲቀመጥ ማሳሰባቸው ነው። እንዲያውም ከታላላቅ ፉቀሃእ አንዱ በከተማቸው የሚኖር አንድ የታወቀ የዕውቀት ሰው በጻፈው ወረቀት ላይ ካልሆነ በቀር ፈትዋ አይሰጡም እንደነበር ያወሳሉ። አስተውሉ! መልስ ለመስጠት ዓሊም እንደሚያስፈልግ ሁሉ ጥያቄውን ለማሰናዳትም ዐዋቂ ይፈለግ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ሙፍቲው ቆመው ሳለ፣ ወይም በሐሳብና በመሰልቸት ላይ እያሉ እንዳይጠየቁ መምከራቸው ነው። ጫማቸውን እያደረጉ ያሉ ኢማም እጅ ይዘን የፍቺ ጉዳይ የምንጠይቅ ሰዎች ይህን ብናነብ እናፍር ነበር።

የዕውቀት ፍለጋን ልክ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ሕይወት መማር ይቻላል። ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሞት በኋላ አንድ ሐዲሥ ከአንድ ሰሓባ ዘንድ እንዳለ ሲሰሙ ወደ ቤቱ ይሄዱ ነበር። ሰውየው የቀትር ዕረፍት ላይ ከሆነ ሳያንኳኩ ኩታቸውን ደጃፉ ላይ አንጥፈው፣ ነፋሱ አቧራ እያለበሳቸው ይጠብቁት ነበር። ማን ምን እንደሚያውቅ አስቀድመው አጣርተዋል፤ ሰዓቱን ጠብቀዋል፤ ራሳቸው ሄደዋል። የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ የቁርኣን ተርጓሚነት ማዕረግ ሆነ።

ሙጣለዓ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። “አስቀድመህ አጣራ” ሲባል ወደ ሌላው ጠርዝ የሚሄዱ አሉ።

አንደኛው ጥቂት ገጽ አንብቦ ራሱን ሙፍቲ የሚያደርግ ሰው ነው። አንድ ሐዲሥ በትርጉም ያነብብና አራቱን መዝሀቦች ይሽራል፤ እናቱ የተማሩበትን ሸኽም ይንቃል። ይህ ሙጣለዓ ሊባል አይችልም። ሙጣለዓ ያደረገ ደረሳ ማታ ያነበበውን ጠዋት ወደ ሸኹ ይዞ ይቀርባል፤ ይታረማል። ሰውዬው ግን ማታ አንብቦ ጠዋት ሰው ያርማል። ንባብ ወደ ዓሊሙ ካላደረሰና ትሕትናን ካልጨመረ ጉድለት አለበት።

ሁለተኛው የሚፈልገውን መልስ እስኪያገኝ ከሸኽ ወደ ሸኽ የሚዞር ነው። ሚስቱን በቁጣ ፈትቷት አንዱን ይጠይቃል፤ መልሱ ሲከብደው ቃሉን አለስልሶ ሌላውን ይጠይቃል። በሦስተኛው ዘንድ “ፈትቼሻለሁ” ያለው ቃል “ልፈታሽ ነው” ሆኖ ያርፋል። ላዩን ሲያዩት ብዙ ያጣራ ሰው ይመስላል። እርሱ ግን ሐቁን አላጣራም፤ ለስሜቱ ጠበቃ ሲፈልግ ነው የዋለው። እውነተኛ ማጣራት ጥያቄው አንድ ሆኖ እንዲጸና ያደርጋል።

ከዚህም ጋር ማጣራት ማለት ነገር ማብዛት እንዳልሆነ ይታወቅ። በሱረቱል በቀራ የተተረከው የላሚቱ ታሪክ ያስተምረናል። በኒ ኢስራኢሎች ላም እንዲያርዱ ሲታዘዙ ያገኟትን ቢያርዱ በበቃቸው ነበር። ዕድሜዋን፣ ቀለሟን፣ ሁኔታዋን እያሉ ጠየቁ፤ በጠየቁ ቁጥር ጠበበባቸው። እነርሱ የጠየቁት ግልጽ ከሆነ ትእዛዝ ለመሸሽ ነበር። ሙጣለዓ የሚያደርግ ሰው ደግሞ የሚያጣራው ትእዛዙን በአግባቡ ለመፈጸም ነው።

ወቀሳው ለእኛም ነው

ጠያቂውን ብቻ ወቅሰን ብናበቃ ፍትሕ አይሆንም። የምናስተምርና የምንጠየቅ ሰዎችም ድርሻ አለን።

አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ.) የዘገቡት የታወቀ ታሪክ አለ። በጉዞ ላይ አንድ ሰሓባ ራሱን በድንጋይ ተፈነከተ፤ ከዚያም ገላውን የመታጠብ ግዴታ ገጠመው። ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውኃ እስካለ ድረስ አይበቃህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲሰሙ በጣም ተቆጡ፤ ካላወቁ ለምን አልጠየቁም አሉ፤ ላለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም ተናገሩ።

ይህን ሐዲሥ ሰዎች እንዲጠይቁ ስንመክር ዘወትር እንጠቅሰዋለን። ግን አስተውለነዋልን? ቁስለኛው ጠይቋል! ሁኔታውንም ያዩታል። ቁጣው የወረደው ሳያውቁ በመለሱት ላይ ነው። እንግዲህ “ሳታጣራ አትጠይቅ” የሚለው ወቀሳ “ሳታጣራ አትመልስ” ከሚለው አይበልጥም። ውርስ ሲጠየቅ “እናት አሉ? አባት አሉ? ዕዳ አለ? ወንድም ስትል የማን ወንድም?” ብሎ ያልጠየቀ መላሽ ከጠያቂው የበለጠ ተጠያቂ ነው። ጠያቂው ማን እንደሚወርስ አያውቅም፤ መላሹ ግን ያውቃል። ኢማም ማሊክ አርባ ስምንት ጥያቄ ቀርቦላቸው በሠላሳ ሁለቱ ላይ አላውቅም ማለታቸው ይተረካል። እኛ ዘንድ አላውቅም የሚለው ቃል ስንቴ ይሰማል?

ሌላም አለ። “ሂድና አንብብ!” ብሎ ሰውን ማባረር ሙጣለዓን ማስተማር አይደለም። ማንበብ የማይችሉ፣ ከገበያ ወይም ከእርሻ ሮጠው የመጡ፣ አፍረው ዓመት ከቆዩ በኋላ ደፍረው የጠየቁ አሉ። ለእነዚህ የሚገባው ወቀሳ ሳይሆን እገዛ ነው። “እማማ፣ ቁጭ ይበሉ፤ አንድ በአንድ ይንገሩኝ” ብሎ ጥያቄያቸውን ማሰናዳት ያ በድሮው ከተማ ጥያቄ ይጽፍ የነበረው ሰው ሥራ ነው። ወቀሳው የሚገባው ማየት እየቻለ ለማያይ ነው። መጽሐፉ ከራስጌው ሆኖ፣ ሚዛኑ ከጎረቤቱ ሆኖ፣ እናቱ ከቤቱ ሆና ሳይጠይቃት ለሚመጣ ሰው ነው።

ከቤት ይጀመር

ይህ አደብ የሚተከለው በቤተሰብ ውስጥ ነው። ልጅ “አባዬ፣ ይህ ይቻላል?” ሲል ወዲያው አዎ ወይም አይ ከማለት በፊት “አንተ ምን አየህ? በመድረሳ ምን ተባላችሁ?” ብንለው ፍለጋን እናለምደዋለን። በቤት ውስጥ አንድ ደብተር ቢኖርና ለኡስታዝ የሚቀርብ ጥያቄ ከነሁኔታው ቢጻፍበት ግማሹ ጥያቄ ሲጻፍ ራሱ ይመለሳል። የቀረው ግማሽም ተጣርቶ ይቀርባል። መልሱም አብሮ ቢጻፍ በሚመጣው ዓመት ያንኑ መልሶ ከመጠየቅ ይገላግላል። ሰው በሕይወት ሳለ ያለበትን ዕዳ፣ ያልከፈለውን መህር፣ የአደራ ገንዘቡን ጽፎ ቢያስቀምጥ ደግሞ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግማሽ አይሆንም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ጥያቄ አደራ ነው። በውስጡ ብዙ ጊዜ እዚያ ያልተገኘ ሰው ሐቅ አለበት፤ የአሮጊት እናት፣ የየቲም፣ የሚስት፣ የባለዕዳ። ጠያቂው ከሸኹ ፊት ሲቀመጥ ስለ እነርሱ የሚናገር ሌላ ሰው የለም። ሁሉን አይቶ፣ ሁሉን ቆጥሮ፣ በራሱ ላይ የሚመጣውንም ሳይደብቅ ካቀረበ ጥያቄው ራሱ ዒባዳ ይሆንለታል።

አላህ (ሱ.ወ.) የሚጠቅም ዕውቀት፣ የሚያስተውል ልብና የሚመሰክር ምላስ ይስጠን። የማናውቀውን ከመናገር፣ የምናውቀውንም ከመደበቅ ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።